ሊየን በመንደር ሰባት

ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነው ያለው፤
ሾፌሩ «ሰባት ነው፣ ውረዱ» ነው ያለው።
ጎጃም መሆኑን ሰማን፤ መተከል፣ በለስ ዳር፣
ከፊት ሣር፣ ከኋላ ሣር።
ካድሬው በባትሪ መብራት ሲመዘግበን
አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፤ ማንም አልጠየቀን።
«ከድጃ» ስለው «ከበደች» ብሎ ጻፈኝ፤
ደክሞኝ ነበር፣ ዝም አልሁ፤ እንዲሁ ቀረኝ።

የጎደለው ሙሄ ነው። ኮምቦልቻ ላይ
ውሃ ልቅዳ ብሎ ከሰልፉ ሲለይ
የአንቶኖቩ በር ተዘጋ።
ጣሳው በእጁ ቀረ፣
ክዳኑ በእናቴ መቀነት ውስጥ በረረ።

ዝናም አጥተን ነበር፤ ዝናም በዛብን፤
ትንኟ በየማታው ዘመተችብን።
ባመቱ አባቴ ከጎጇችን በር
ወጣ፤ በቃሬዛ ነበር።
ጉሙዞቹ ቆመው ከቀርከሃው ሥር
አዩን። እነሱንስ ስለ መሬቱ የጠየቃቸው ማን ነበር?

ጣልያኖቹ መጡ በሁለተኛው ዓመት፤
ትራክተር፣ ቧንቧ፣ ክሊኒክ፣ እና አንዲት ሴት፤
ቀጭን፤ የጣታችንን ደም በመስታወት ቀብታ
ወባን ስትፈልግ የምትውል፣ በዝምታ።
ልጆቹ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሏት
ትስቃለች፤ ሣቁ ግን ከጥርስ አያልፍላት።
«ቻይና አይደለም፤ ሊየን» አለችኝ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፤
መርፌ ቀቃይ ነበርሁ እዚያ፤ ውሃ የምጥድ ሳይነጋ።
የጣልያን ወረቀቷ ግን «ሊና» ነው የሚላት።
እኔም «ከበደች» አልኋት፤ ሰንብቼ እውነቱን ነገርኋት።
ሰው ፊት ሊና እና ከበደች፤
በሩ ሲዘጋ ሊየን፣ ከድጃ።

አንድ ማታ ጀነሬተሩ ጠፋ። ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲደልቅ
በፋኖስ አወራችኝ፤ ቃል እየለቀመች፣ እንደሚለቀም ጨርቅ፦
«ጀልባ። ትንሽ። ሰው ስልሳ።
አሥራ አንድ ቀን ባሕር። ውሃ የለም።»
«ውሃ ላይ ሆኖ ውሃ የለም?»
ባሕር ጨው መሆኑን አላውቅም ነበር፤
እኔ የማውቀው ጥም የደረቅ አገር።
«እህቴ...» አለች፤ የሚቀጥለውን ቃል አጣችው፤
መጽሐፏን ገለጠች፣ ገጽ ገለበጠች፣ መልሳ ዘጋችው።

መርፌ የምቀቅልበትን ድስት የምከድነው
በዚያው ክዳን ነው።
አንሥቼ ሰጠኋት፤ ይፋጅ ነበር፤
ጠርዙን በጣቷ ዞረችው፣ ሳትናገር።
«ጣሳው የት?» አላለችም።
«ማን?» አለች።
«ሙሄ።»
«ሁዎንግ» አለች እሷም።
ቀጥሎ የሆነውን አላስታውስም፤
ውሃው ፈልቶ ፈልቶ አለቀ፣ ድስቱ አረረ፤
በማግስቱ ሐኪሙ ሁለታችንንም ተቆጣ፣ ያውም እየተንተባተበ በአማርኛ።

ሐምሌ ላይ ሩዝ ተዘራ፣ ለሙከራ።
ሊየን ጫማዋን አውልቃ ገባች ከሰዉ ጋራ፤
ችግኙን በሦስት ጣት ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ስትተክል
መንደር ሰባት ሳቀ፤ «ወደ ኋላ እየሄዱ እርሻ!» ሲል።
ሩዝ እንዲህ ነው አለች፤
ዐይንሽ የተከልሽውን ያያል፣
ጀርባሽ ወደማታውቂው ይሄዳል።
እናቴ አልሳቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች ጭቃው ውስጥ፤
አጠገቧ ሆና ወደ ኋላ ተራመደች፣ አንገቷን ሳትመልስ።

ሰማንያ ሦስት ላይ፣ ተኩሱ ሲቃረብ፣
ጣልያኖቹ ሄዱ፤ ቧንቧው ቀረ፣ ያለ ውሃ።
ሊየን የወተት ዱቄት ጣሳ ሰጠችኝ፤
«ለክዳን» አለች። እያየችኝ ሞከርሁት፤
አልገጠመም።
ጣሳው ይሰፋል፣ ክዳኑ ይጠባል።
ሁለታችንም ያኔ ሳቅን፤ ሆዳችንን ይዘን፤
ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ።

እስከዛሬ ውሃ እቀዳበታለሁ፣ ሳልከድነው።
ልጆቼን ሰው «አገራችሁ የት ነው?» ሲላቸው
«ሰባት» ይላሉ፤
እንደ ስም።