ያመንኩት

ለይግባኝ ሰሚው ችሎት፤
ከሀዋሳ ማረሚያ ቤት።

ያንን ጠበቃዬን ያየሁት ደጅ ቆሞ
ሰባት ደቂቃ ነው፤ ስሜንም «ደጋሞ»
ይለኝ ነበር እሱ፤ እኔ ግን ዱካሞ።

ከነጥቁር ካባው፣ የአሞራ ገደሉ
አባ ኮዳ መሰለኝ፣ ቆሞ የሚጠብቅ
የዓሣ አንጀት እስኪጥሉ።

«እመን፣ ይቀልልሃል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት።
ዳኛው ሲጠይቁኝ ያንኑ ደገምኩት።
ያመንኩትስ ሰውየውን፤ ጸሐፊው ግን ጻፈ፦
«አምኗል፤ የጀልባውን ሞተር እንደዘረፈ።»

ሞተሩ በጠፋ ሌት፣ ሚስቴን ምጥ ይዟት፣
ሪፈራል ወለል ላይ ነበርኩ ስጠብቃት።
ካርዱ ከመዝገቡ ታጥፎ አለ፤ ቀን አለው።
ማን ገልጦ አየው?

ሰው ማመን ጥፋት ነው ካላችሁኝ ዛሬም፣
ጥፋተኛ ነኝ፤ ይግባኝ አልልም።
ካልሆነ ግን መዝገቡን ክፈቱልኝ፤
ልጄ መራመድ ጀምራለች አሉኝ።