የማይበረው

ታይፔ፣ ከድልድዩ ሥር፣ መኪና በላያችን ሲያልፍ፣
ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ አቧራ ትከሻችን ላይ ሲያራግፍ፣
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ቺ-ሹን ሱቅ ነበረው፣
ሦስተኛ ሰው ከገባ፣ አንዱ ውጭ የሚቀረው።

ሣጥኑን ከአንድ መንገድ፣ ኪቦርዱን ከሌላ፣
ቦርዱን ከሚስቱ ወንድም፣ ከፋብሪካው ኋላ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብስክሌት ጭኖ፣
ያመጣል ማታ ማታ፣ ላብ በላብ ሆኖ።
«ተስማሚ ኮምፒውተር» ይለዋል፤ «ኮራጅ» የሚሉትም ነበሩ፣
ጠዋት ሰድበውን፣ ማታ ተደብቀው ዋጋ ሲያጣሩ።
የአሜሪካኖቹ ማሽን የሁለት ዓመት ደመወዝ ይጠይቃል፣
የእኛው በአራት ወር ቁጠባ፤ ከተለማመጡት ደግሞ ይወርዳል።

ስም የለውም። ስም ከፈለጉ፣ ወይዘሮ ሊያኦ ጋ ይሸጣል፣
ብርማ ቆርቆሮ ነው፣ በሙጫ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፤
«ንጋት»፣ «ዘንዶ»፣ «ጁፒተር»፣ የወደዱትን መርጠው።
አጎቴ ግን ባዶውን ይሸጣል፦ «ስም ያውጡለት ቤት ወስደው»።

ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፣ ከማንም ያልተማረው፦
«አውሮፕላኑ ካልተነሣ፣ ማሽኑ ሱቅ ነው የሚያድረው»።
የበረራ ጨዋታ ናት፣ ዲስኳን መርከበኛ የሰጠው፣
በቅጂው ላይ የተሳተ ካለ፣ ያለ ምሕረት የምታጋልጠው።
አረንጓዴ መስመር ብቻ፤ ሐይቅ፣ ሜዳ፣ ሕንፃ የሚባል፣
የማላውቀው የአሜሪካ ከተማ ከክንፉ ሥር ይታያል።
አብራሪዋ እኔ ነኝ። እጄ ትንሽ፣ ቁልፉ ብዙ፣
ገዢዎች አገጫቸውን ይዘው ከጀርባዬ ሲተክዙ።
«ተነሣ!» ሲባል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣
ሣጥኑ በሲባጎ ታስሮ ሞተር ብስክሌት ላይ ይጫናል።

ነሐሴ ላይ፣ ድልድዩ ዝናብ ሲወርድበት፣
አንድ ቦርድ መጣ፣ አውሮፕላኑ ሐይቁ ላይ የሚወድቅበት።
ሁሌ እዚያችው ቦታ፤
ከግራ ብመጣ፣ ከቀኝ፣ በጠዋትም ሆነ በማታ።
አጎቴ ቺፑን ነቀለ፣ ሌላ ተከለ፣ ብየዳውን ደገመ፣
ዓይኑ በጭስ ቀላ፤ በአሥራ አንደኛው ሌሊት ደከመ።

«ይጣል» ብሎ ሲያነሣው፣ አንዲት ሴት ከደጅ ገባች፣
ወይዘሮ ጂያንግ፣ የዓሣ ተራ ሂሳብ ያዥ፣ ጃንጥላዋን እያንጠባጠበች።

«ስንት ነው ይሄ?»
«አይሸጥም እመቤቴ፣ ይወድቃል።»
«ከጠረጴዛ?»
«ከሰማይ።»

ትንሽ ዝም አለች።
«እኔ ልብረር አላልኩም፤ መደመር ነው የምፈልገው።
ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት ካለኝ፣ ምን ቸገረኝ ሐይቁ ቢበላው?»

አጎቴ ተጨነቀ። መዋሸት አይችል፣ ሕጉን አይሽር፤
«ይህ ማሽን አይበርም» ብሎ ጻፈላት፣
ማኅተም መታበት፣ በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ክርክር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሱቁ ተዘጋ፤ የአጎቴ ዓይን ፈዘዘ፣
የሠራው ሁሉ አርጅቶ፣ በኪሎ ተሸጠ፣ ለቁራሌው ተጋዘ።
እኔ ጠጋኝ ሆኜ ቤት ለቤት ስዞር፣ ወይዘሮ ጂያንግ ጠራችኝ፣
ያው ሣጥን፣ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆበት፣ «አቧራውን ጥረጊልኝ» አለችኝ።
ግንባሩ ላይ፣ ስም በሚለጠፍበት ባዶ ቦታ፣
በብሩሽ የተጻፈ፣ በጥቁር ቀለም፦ «የማይበረው»።

የመርከበኛው ዲስክ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች።
ሴትዮዋ በረዶ ልትቀበል ስትወጣ፣ ከፈትኩት።
ሜዳው ያው፣ ጥዝዝታው ያው፤ ቀስ ብዬ አነሣሁት፤
ሐይቁ ሲመጣ፣ እንደ ልጅነቴ፣ ትንፋሼን ዋጥኩት።

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ።
«ወደቀ?»
«ወደቀ።»
«እዚያው?»
«እዚያችው ቦታ።»
ቆየት ብሎ፣ «ሂሳቧስ?»
«አንድ ሳንቲም አልጎደለም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ብርድ ልብሱን ሳበ፤
ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ።
ሳቅ ነበር፣ ይመስለኛል።