ያገለገለች

ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ አነበብኩ፤
በየሰው በር ቆሜ፣ ውሻ እያባበልኩ፣
የሌላውን መብራት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።
ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልኝ፤ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር፤
አማረኝ ውሃ ላይ፣ ደጅ የሌለው ሰፈር፤
ጣሪያ ያላት ጀልባ፣ ሁለት ሰው የምታሳድር።

ትርሲት ሰማችና፣ ምስር ለቀማውን ትታ፦
«ያለን ቤት የሚያፈስ ከላይ ነው፤ በቃን፤
ከታች የሚያፈስ ደግሞ ልትጨምርብን?»
ብላ ዝም። ግን ማታ፣ መብራቱን አጥፍታ፣
«ለሞተሩ ዘይትስ?» አለች፣ ጥቂት ቆይታ።

አሞራ ገደል ወረድን። የዓሣ አንጀት ከበው አባ ኮዳዎች፣
ራሰ በራ፣ ኮት ለባሽ፣ ጡረታ የወጡ ዳኞች፣
እኛንም ገመገሙን።
የመጀመሪያዋ ሰማያዊ ነበረች፤ ቀለሟ ትኩስ፣
ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር፤ የሙሽራ ልብስ።
ላሊሞ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣ ከኪሱ ሳንቲም አወጣና
ጎኗን ያንኳኳ ጀመር፣ እንደ ሐኪም ጎንበስ አለና።
ኳ። ኳ። ኳ። ቀጠለ፤ በመጨረሻ፦ ዱፍ።
«እንዲህ ነው ቀለም፣» አለ፣ «የበሰበሰ የሚደግፍ።»

ሁለተኛዋ ፍቅር ሐይቅ፤ ባለ ሞተር፣ ባለ ወንበር፤
ሻጩ ገመዱን አንዴ ሳበ፣ አገሣ እንደ ነብር።
እጄን ለመጨባበጥ ልዘረጋ ነበር።
ላሊሞ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ፤
«ትኩሳት አለበት፣» አለ፤ ሳቅ ብሎ አለፈ።
ለካ ገና ሳንመጣ፣ በማለዳ አስነሥተው አሙቀውታል፤
ሲበርደው እንቢ የሚል ሞተር፣ ለገዢ ሞቆ ይጠብቃል።
ደላላው ተቆጣ፦ «ሰው አታምኑም እንዴ?»
ሰውንማ አምናለሁ። ግን ስንት ቤት፣ ስንት ደጅ፣
ቆጣሪ ወደ ኋላ ሲያዞር ያገኘሁት ወዳጅ!

ሦስተኛዋን ደላላ አላሳየንም። ጥቁር ውሃ፣ ቄጤማው ጫፍ፣
ተደፍታ አገኘናት፤ ሥሯ ጫጩት ሲንጫጫ፣ እንደ ታቀፈች ወፍ።
ወይዘሮ ጸዳለች፣ የባለቤቷ ሚስት፣ ዘንድሮ የሞተባቸው፣
እንደ ሻጭ አላወሩም፤ እንደ ከሳሽ ነው ወሬያቸው፦
«እዚህ ጋ ጉማሬ ገጭቷት ነበር፤ ራሱ ለጠፋት።
ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ጣሪያው ስፌቱ ለቋል።
ግን ሰውዬው ሃያ ዓመት ወጥቶ ተመልሶባታል፤
አንድ ቀን እንኳ አላስጠበቀችኝም እራት።»

ላሊሞ ሳንቲሙን አወጣ። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ ኳ።
ጉማሬ የመታት ቦታ ሲደርስ፣ ይበልጥ ጠንክሮ፣ ኳ።
ዞር ብሎ አየኝ።

ሁለት መቶ አሥር ተስማማን። ሠላሳ ሺህ ተረፈኝ፤
ሙጫው፣ ገመዱ፣ ሸራው፣ የላሊሞ እጅ ጨረሰኝ።
(ትርሲት ያለችው ዘይት፣ ከትርሲት ጓዳ ተበደርኩ።)

ጸሐፊው መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስተካከለ፣
«አንድ ያገለገለች ጀልባ» ብሎ ጽፎ፣ «ይፈርሙ» አለ።
ወይዘሮዋ ቃሉን በጣታቸው ነክተው ቆዩ፤
«ልክ ነው፤ አገልግላለች፣» አሉ፣ ወደ ሐይቁ እያዩ።

የመጀመሪያው ሌሊት። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወደ ከተማው ዞሬ፣
ታቦር ሥር ስንቱ መብራት! በቁጥሩ የማውቀው፤ አላነበብኩትም ዛሬ።
ጉማሬ ከሩቅ አጉረመረመ። ትርሲት እግሯን ሰበሰበች፤
የረጠበ ጫማዋን አየች፤ ጣሳ አነሣች፤ ቀዳች፣ ደፋች፤
«ከታች፣» አለች።
ቀዳች፣ ደፋች።
ከዚያ ደክሟት ይሁን ተመችቷት፣ ጣሳውን ለእኔ ሰጥታ፣
«ነገስ ወዴት ነው?» አለች፣ እግሯን ጣውላው ላይ ዘርግታ።