ከመቀመጫው ሥር

እርሳስ ከጆሮዬ አይወርድም፤ አናጺ ነኝ፣
ለሰው ስለካ ልክ፣ ለራሴ ሲሆን ግን አንድ ጣት የሚጎድለኝ።
ሂርማታ ነው ሱቄ፣ ከገበያው ጀርባ፣
ቁም ሣጥን ከቆመ ሰው የማያስገባ፤
ሰጋቱራ ምንጣፌ፣ ኮላ መዓዛዬ፣
ዋንዛ ጓደኛዬ።

አንድ አመል አለችኝ ለሰው ያልነገርኳት፦
ዘመን ሲለወጥ፣ ያን ሰሞን የጨረስኳት
በርጩማ ትገለበጥና፣ ከሆዷ፣ ቫርኒሽ ከማይነካት፣
በእርሳስ እጽፋለሁ።
«ዘንድሮ አሥረኛን እጨርሳለሁ።»
«ዘንድሮ ሲጋራ እተዋለሁ።»
አንዴማ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
«ዋና እማራለሁ» ብያለሁ።

ወረቀት ይጠፋል፤ ጓደኛ ቢነግሩት መልሶ ያሳፍራል፤
እንጨት ግን ዝም ብሎ ይይዛል።
ችግሩ፣ ይሸጣል!
በሳምንቱ ገዢ ይመጣና
መሐላዬን ተሸክሞ ይሄዳል።

አንዱ አጋሮ ገባ፣ አንዱ ሊሙ ወጣ፣
አንዱ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፀጉር ቤት ደጃፍ፣
በወረፋ ጠባቂ ሱሪ ቀለሙ ገረጣ።
ስንቱ ተቀመጠ በኔ ዕቅድ ላይ!
ግን ከሁሉም በፊት
የተቀመጥኩበት እኔ አይደለሁም ወይ?

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ከባጃጅ ወረደች ረሂማ፣ ፌስታል ደፍታ ስትሮጥ።
«አካም ጅርታ፣ ነዚፍ?»
በብብቷ በርጩማ፣ አንድ እግሩ የወለቀ፣
በመቀመጥ ብዛት እንደ ሳንቲም ያብረቀረቀ።

ገለበጥኩት።
የገዛ ጽሑፌን አወቅኩት፦
«ዘንድሮ አሥረኛን እጨርሳለሁ። መስከረም ሁለት ሺህ ዘጠኝ።»
ከሥሩ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ፊደል፣ አንዱ ወጥቶ አንዱ ገብቶ፦

«ጨረስክ?»

«ልጅ አለሽ?» አልኳት።
«ፈቲያ ናት» አለች፣ «ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል፣ ገና ፊደል ሲጣፍጣት።
ገልብጣ ባጃጅ ታደርገው ነበር፣ ‹ኮቺ! ኮቺ!› እያለች።
አሁንማ ስምንተኛን ተፈትና ጨረሰች።»

ሰባት ዓመት። ልጅቷ ሰባት ደረጃ ስትወጣ፣
እኔ ከአሥረኛ በር ቆሜ፣ ልግባ ወይስ ልውጣ።

ብርጭቆ ወረቀት አነሣሁ። ሁለቴ ፋቅ ባደርገው ይጠፋል፣
የኔም ቃል፣ የልጅቷም ጥያቄ፣ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።
እጄ እምቢ አለኝ።
ወደ እግሩ ዞርኩ፤ ሐሳቡ ግን አልለቅ አለኝ፦

ወንበር ስሠራ እኮ «ወንበር» ብዬ አልጀምርም።
አንድ እግር እለካለሁ፤ ሌላውን አላስብም።
መላጊያው ሲሄድ የሚያነሣው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤
በአንድ ግፊ ልላግ ያለ፣ የሚያተርፈው ማገዶ ነው።
ይህንን ሃያ ዓመት አውቃለሁ።
ለራሴ ሲሆን ግን ሁልጊዜ ዓመት እጽፋለሁ፤
አንድ ማታ ጽፌ አላውቅም።

እግሩን ተከልኩ። ኮላው እስኪይዝ
ረሂማ ከበሩ ቆማ ዝናቡን ታያለች።
እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፤
ከሰማያዊው ጥያቄ ሥር አጠር አድርጌ መለስኩ፦
«ገና።»
ከዚያም፣ በጣም ባነሰ ፊደል፦
«ዛሬ ማታ። ከሁለት እስከ ሦስት። ሒሳብ፣ ገጽ አሥራ አንድ።»

«ስንት ልክፈል?» ስትለኝ፣
«የእግሩን ብቻ» አልኳት፣ «ለፈቲያ እኔ ነኝ ዕዳ ያለብኝ።»

ማታ መጽሐፉን ከቀለም ጣሳ ሥር አወጣሁት፤
ቅጠሉ ኮላ ጠጥቶ ተጣብቋል፤ በመሮ ጫፍ ለያየሁት።
ገጽ አሥራ አንድ። እኩልዮሽ። ሦስቴ አነበብኩት፤ አንዱ ገባኝ መሰለኝ።
ሁለት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ።
እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ።
ምክንያት አገኘሁ።

ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ስልኬን ቫርኒሽ ጣሳው ላይ አስደግፌ አበራሁ፤
ግማሹን ገጽ ጨረስኩ። ባትሪው አምስት ሲል አቆምኩ።
ነገ ከየት እንደምጀምር እንዳልረሳ፣
እንጨት ልቆርጥ ስል እንደማደርገው፣
በእርሳሴ
አንድ መሥመር አሰመርኩ።