ፈር

ከሃሌ ተነሥቼ በንጋቱ ባቡር፣
ሥዕሎቼን ታቅፌ፣ ዝናቡን ስማረር፣
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጥብጣብ ጠፍሬ፣
እንደ ጨቅላ ሕፃን ከነፋስ ሰውሬ፣
ላይፕዚግ ወረድሁ።

ፋብሪካው ጥንት ዘመን ጥጥ ነበር የሚፈትል፤
ዛሬ ግን ሠዓሊ ይፈተልበታል፤
ከጭስ ማውጫው ሥር ሰው እንደ ጉድ ተሰልፏል፤
የተሰቀለው ጨርቅ «ለፈር ቀዳጆች» ይላል።

በር ላይ የቆመች ልጅ፣ ጠጉሯ አረንጓዴ፣
ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀች ባንዴ፤
«ትርሲት» የሚለውን «ትሪስት» ብላ ጽፋ፣
ከሥሩም «ጎብኚ»፣ ፊደሉን አግዝፋ።
ጨፍጋጋ ማለት ነው፣ በነሱ አማርኛ፤
ለሰማዩ ይሁን፤ እኔስ ደስተኛ።

ገባሁ።
የቀለሙ ሽታ፣ የትኩስ ወረቀት፣
አፍንጫዬን ይዞ ወሰደኝ በድንገት፤
እዚህ ሮዝ የሚተፋ የማተሚያ መኪና፣
እዚያ በድንች ማኅተም አንዱ ጎንበስ ቀና፤
አንድ ሽማግሌ የሌለ ከተማ ካርታ ይሸጣሉ።
«በየት በኩል ነው?» አልኳቸው።
ኮስተር ብለው፦ «ከድልድዩ በስተግራ» አሉ።
ገዛሁ። ለምሳ የያዝሁት ነበር ገንዘቡ፤
አልቆጨኝም፤ ዐይኖቼ ነበሩ የተራቡ።

ከዚያ ሰልፍ። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ።
አሳታሚዋ ወይዘሮ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
ገለጠች፤ ገለጠች፤
ልቤም ከገጹ ጋር ይገለበጣል።
«እጅሽ ሸጋ ነው» አለች፣ «መስመርሽ ግን ይፈራል።
ገና ሳይነሣ መድረሻውን ያያል።»
ደወል። የሚቀጥለው።

ይፈራል? መስመር ይፈራል?
ስድስት ወር ሙሉ በላጲስ ያቃናሁት፣
ሌሊት ሌሊት በማስመሪያ የቀጣሁት?

ላስቲኬን እየጎተትሁ አዳራሽ ገባሁ፤
ስለ ፊደል ቅርጽ ሰው ይናገራል፤ አልሰማሁ።
እጄ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ደብተሬን አወጣ።
ወንበሩ ክብ ነው፤ ከማዶ አንድ ጢማም፣ አናተ መላጣ።
ጀመርሁት።
ቀና ስል አጎንብሷል፤ ሳጎነብስ ቀና ይላል፤
እንደገና ቀና ስል፣ አናቱ ብቻ ይታያል።
ይሄ ሰው ምን ያቀረቅራል?
ለካ እሱም እኔን ይስላል!

ማቴይ ነው ስሙ፤ የሉብሊያና ልጅ።
ሳቅን። ተለዋወጥን፣ እጅ በእጅ።
መላጣውን ሰጠሁት፣ ጨረቃ አስመስዬ፤
አናቴን ሰጠኝ፣ የማላውቀውን፣ ተሸክሜው ውዬ።

ሹሩባዬ አለ፤ ከመሐሉ ደግሞ ፈር፤
ከግንባሬ ተነሥታ ቀጥ ብላ ስትሻገር፣
መንገድ ላይ ድንገት ታጥፋ፣ ወደ ግራ የምትሰክር።

እልፌ ናት። አብራኝ የምትኖር።
ሌሊት ዐሥር ሰዓት፣ የሆስፒታል አልጋ ስታነጥፍ አምሽታ፣
ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣
«እንዲህ ሆነሽማ አትሄጂም» ብላ፣ ዐይኗ በእንቅልፍ ሲወድቅ፣
በማበጠሪያ ጭራ፣
ያለ ማስመሪያ፣ ያለ ላጲስ፣
አንዴ ብቻ።

እና ቀኑን ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ግድግዳ መሐል፣
ሰው ለሥዕል አንገቱን ሲያስግግ፣ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ሲያደንቅ፣
ያለ ክፈፍ፣ ያለ መብራት፣ ማንም ስሟን ሳያውቅ፣
አናቴ ላይ ስትታይ ዋለች፣
ፈር የለቀቀች፣
ያልፈራች ፈር።

ማታ ስገባ ተኝታለች።
ካርዱን ከአንገቴ አወለቅሁ፤ ጀርባው ባዶ ነበር።
የማቴይን ወረቀት በሯ ላይ ለጠፍሁ፣ ከሥሩም ካርዱን፤
ሳልሰርዝ፣ ሳልፍቅ፣ በአንድ ትንፋሽ ጻፍሁ፦
እልፌ። «ፈር»። ማበጠሪያ በጠጉር ላይ።
አይሸጥም።