ቀይ ክብ

«ሰማይ አይታረስ» ይል ነበር አባቴ፣
ታርሶ አየሁት እኔ፣ ቆሜ ከደጅ ቤቴ፤
ታርሶ፣ ተሸንሽኖ፣ ወሰን ተበጅቶ፣
ያለ ችካል፣ ያለ እሾህ፣ በቁጥር ተዘግቶ።

የከተማችን ስም፣ ጌዴራ የሚሉት፣
ከአጥር ነው የመጣው፣ ፍቺውን ሲፈቱት።
እንግዲህ ምን ይገርማል፣ በአጥር ስም በሚጠራ አገር
ሰማዩም ቢታጠር።

አቪሻይ፣ የኔ ልጅ፣ ሠርግ አዳራሽ ገብቶ፣
ስንቱን የሰው ድግስ ሰሀን ሲያጥብ ነግቶ፣
ገዛ አንዲት ድሮን፤
አራት ክንፍ ያላት፣ ከመዳፌ የማትበልጥ፣
ስትነሳ ግን እንደ ተነካ ቀፎ ሰፈር የምታናውጥ።

ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ባዶው ሜዳ ላይ ነን፣ ከትምህርት ቤት ጀርባ።
እናቱም ተከትላን፣ ልብስ ማስጣት ትታ፣
መቆንጠጫዎቹን ቀሚሷ ላይ ሰክታ፣
«በል እስኪ» አለችው፣ «ወደ እህትህ ላካት፤
ከስታም እንደሆነ፣ በዚህ ስልክህ ልያት።
ሦስት ሰንበት አለፈ፣ ሊአት ሳትመጣ፤
አጥሩ ጋ ደርሳ እንኳ፣ ጥላዋን አይታ ትምጣ።»

ሊአት ወታደር ናት፤ ቴል ኖፍ፣ አሥር ደቂቃ በመኪና።
እዚያ የምትሠራው አይነገርምና
አንጠይቃትም።

ድሮኗ ተነሳች። ከባሕር ዛፉ ጫፍ በለጠች።
ቁራ አባረራት፤ አመለጠች።
ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ ጥቂት እንደበረረች
ቆመች።

ነፋስ ሳይመታት፣ ባትሪ ሳያልቅባት፣
መስተዋት እንደገጨ ዝንብ፣ ጥዝዝ አለች እዚያው ባለችበት።
አቪሻይ በጣቱ ገፋ፤ ገፋ፤ ደግሞ ገፋ፤
ስልኩ ላይ ቀይ ክብ፣ እንደ ፈሰሰ ወይን ሰፋ።

«ምን ይላል?» አልኩት። «ክልክል ክልል ነው» አለኝ።
ክልል ክልክል የሚሆነው አንዲት «ክ» መሐሉ ስትቆም ነው፣
በር ላይ እንደተገተረ ዘበኛ። እሱን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ፈትሻለሁ፤
የጎረቤቴን፣ የሚስቴን፣ የቄሳችንን ሳይቀር ከፍቻለሁ።
ግን እኔን ሰው ቀጠረኝ፤ ወንበር አለኝ፤ እግሬን ያመኛል።
ይቺን ማን ቆሞባት ነው ራሷን በራሷ የከለከለች? ይገርመኛል።

አባቴ በሰው ርስት ላይ ሲያርስ ነው የኖረ፤
የኔ የሚለው ወሰን፣ የሚጣላበት ድንበር፣ አልነበረ።
ቢያይ ይስቅ ነበር፦ «የልጅ ልጄ ለወግ ደረሰ፤
መሬት ሳይኖረው ገና፣ በሰማይ ወሰን ተካሰሰ።»

እሑድ ማታ ሮተም መጣ፣ የሦስተኛ ፎቅ ጎረምሳ፤
«ሁለት መቶ ሸቀል፣ ቁልፏን እሰብራለሁ፣ ምንም ወሬ ሳይነሳ።»
አቪሻይ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።
እውነቱን ለመናገር፣ ለእናቱ ስል፣ እሺ ልል ነበር፤ ተውኩ።
«ከመስመሩ ወዲያ ያለችው እህትህ ናት» አልኩ።
ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በአራተኛው ሰንበት ሊአት መጣች፤ ከስታለች።
ቡትስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተኛች።
ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ብርቱካን እየላጠች፣
«ያለፈው ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የት ነበራችሁ?» አለች።

«ምነው?» አለ አቪሻይ።
«ምንም። አንዳንዴ አንድ ነጥብ ይመጣል።
መስመሩ ጋ ይደርሳል። ትንሽ ይቆማል። ይመለሳል።»
ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ልጣጩን ሳትበጥስ ጠቅልላ
ሳህኑ ላይ አኖረችው፣ ክብ አስመስላ።

እናቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣
«አየህ፣ አይታናለች» አለችኝ፤
ሊአትም ብርቱካኑን ለአራት ከፍላ
ድርሻዬን ሰጠችኝ።