ሦስተኛዋ ኳስ

ሻርጃ፣ አራተኛ ፎቅ። ከአልጋ እስከ መስኮት
ዘጠኝ እርምጃ ናት፣ ግድግዳ ይዤ ስቆጥራት።
ካንሰሩ ሲሄድ ከቀኝ ሳንባዬ ቁራሽ ይዞ ሄዷል፤
በተረፈኝ መተንፈስ ዳዴ ሆኗል።

ዘሐራ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ተኝታለች፤
ሳሌን ትራስ አቅፌ አፍናለሁ፤ ስፌቴ ግን ሰምታለች።
ጣቶቼን በግድግዳው ሽቅብ አስኬዳለሁ፣ እንደ ሸረሪት፤
ባለፈው ማብሪያው ጋ ቆሙ፤ አሁን አልፈውታል፣ በአንድ ጣት።

በቱቦው ስስብ ሁለት ኳስ ብድግ፤
ሦስተኛዋ ንቅንቅ የለም፣
እንደ ማዳም ልብ ናት።

ሐኪሙ «ለደረጃ ነው» ይላል። እኔ የምለማመደው
ለዓርብ ስልክ ነው፤ እናቴ ሳትጠረጥር ባንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፦
«ደኅና ነኝ እማዬ፣ ሥራም ጥሩ ነው፣ ብሩንም ሰሞኑን እልካለሁ።»

ትናንት «ሥራም» ላይ አለቀብኝ።
ዛሬ እስከ «ሰሞኑን» ደርሻለሁ።